በር የማያንኳኳ ሰው

ሰውየው በር አያንኳኳም። ደጃፍ ላይ ቆሞ «እህም» ይላል። ትንሽ ይጠብቅና ይደግመዋል። የሰማው ካለ ይገባል፤ ከሌለ ይመለሳል። ክሊኒክ ሲሄድ እንዲሁ ነው፤ ባንክ ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ የልጁ ትምህርት ቤት ተጠርቶ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ሲቆምም ያው ነው። ሚስቱን ሊያገባ ባለ ሰሞን አማቱ ቤት በሄደ ቁጥር ውሃ ይቀርብለት ነበር። ጉሮሮው የሚደርቅ ምስኪን መስሏቸው ነው። የሰፈር ልጆች «ጋሼ እህም» ብለው ይጠሩታል። አቤት ይላል።

ልማዱን ያመጣው ሥራው ነው። ከሰፈሩ በላይ ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ ዱካ ተከታይ ነው። ማለዳ ቺምፓንዚዎቹ ያደሩበትን የቅጠል መኝታ ያገኛል፤ ከዚያ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ የተጣለ የፍሬ ልጣጭ፣ ጭቃ ላይ የታተመ መዳፍ እያየ ይከተላል። ሲደርስባቸው ማን እንዳለ፣ ማን እንደጎደለ፣ ማን እንደታመመ ያያል። ቺምፓንዚ ድንገት ከቁጥቋጦ ብቅ የሚልበትን አይወድም። ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይመታል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ዱካ ተከታይ መንጋውን አንድ ድምፅ አስለመዱት፤ ቁጥቋጦ ከመግለጣቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ነኝ፣ የሚያስፈራ የለም፣ ብሉ ማለት ነው። መንጋው ይህን አምኖ ሳይሸሽ እስኪቀመጥ ዓመታት ፈጀ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ድምፁን አወረሱት። ሌላ የሚያወርሱት ነገር አልነበራቸውም።

ሰፈሩ የሚኖረው በመንጋው ነበር። ጎብኚ ይመጣል፣ ማረፊያው ሎጅ ይሞላል፣ ሎጁ ሲሞላ ለሁሉም ይደርሳል። የዱካ ተከታዩ ሚስት ታላቅ ወንድም አናጢ ነው፤ የሎጁን አልጋና ወንበር የሠራው፣ ሲሰበርም የሚጠግነው እሱ ነው። የአናጢው ሚስት የሎጁን አንሶላ ታጥባለች። እማማ ሬዲዮ የሚባሉት ጎረቤት ለጎብኚ ሹፌሮች ሙዝ ይሸጣሉ፤ ስሙን ያገኙት ግን በሙዝ አይደለም። ያም ሆኖ ሰፈሩ ውስጥ ቺምፓንዚ የሚል ሰው የለም። ለሁሉም ዝንጀሮ ነው። ዱካ ተከታዩ፣ ዝንጀሮ ጅራት አለው እነዚህ የላቸውም እያለ ሲያርም ኖሯል። አናጢው «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጧል» ይልና ይዘጋዋል።

ወረርሽኙ ሲመጣ መጀመሪያ የተዘጋው መንገዱ ነው። ቀጥሎ ሎጁ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ አራርቆ አቆመና አሰናበተ። አናጢው ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰውን የማስጫ ሽቦ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ለቀረብኝ ሥራ ማካካሻ ነው አለ። የከለከለው የለም።

የደኑ ኃላፊ ገና ወጣት ሴት ናት። የእኛን ሰውና ሌላኛውን ዱካ ተከታይ ጠርታ አዲሱን ደንብ ነገረቻቸው። ቺምፓንዚን የሰው ጉንፋን እንኳ ይገድለዋል፤ ይሄ ደግሞ ጉንፋን አይደለም። ከሁለታችሁ በቀር ማንም ወደ መንጋው አይሄድም፤ እናንተም ብትሆኑ በማስክ፣ ያውም ከሩቅ። የእኛ ሰው ሩቅ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ጠየቃት።

«ፊታቸው ላይ ያረፈ ዝንብ ከታየዎት ቀርበዋል ማለት ነው፣ ጋሼ» አለችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰፈሩ ወደ ደኑ ማየት ጀመረ። እንጨት የማይለቅሙ ሰዎች እንጨት ለቀማ ወጡ። የማር ወሬ ተነሣ፤ ቀጥሎ የሥጋ ወሬ። ኃላፊዋ ወሬውን ሰምታ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጋ ደወለች። ድርጅቱ ለደን ጥበቃው ካሜራና የመገናኛ ሬዲዮ ሊሰጣት ፈቃደኛ ነበር። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ብላ ዱቄትና ዘይት ጠየቀች። ሰጧት፤ ግን ገደብ አበጁለት። ደኑ ውስጥ ወጥመድ የተገኘበት ሰፈር ድርሻው ለሌላ ሰፈር ይተላለፋል። ገደቡን አልወደደችውም። ፈረመች።

ሰልፍ ስለተከለከለ እርዳታው በየቤቱ እንዲደርስ ተወሰነ። በደኑ በኩል ደመወዝ ያልተቋረጠባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸውና አዳዮቹ ዱካ ተከታዮቹ ሆኑ። ሌላኛው የላይኛውን ሰፈር ያዘ። የእኛ ሰው የሚኖርበት የታችኛው ሰፈር ለእሱ ደረሰው። የሚያውቁት ሰው ቢያመጣላቸው ይሻላል ተብሎ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የደኑን ፒካፕ ሰፈሩ ዳር አቆመ። ማስኩን አጠበቀ፣ ጓንት አደረገ፣ ጆንያ ተሸክሞ አንድ ቤት ደጃፍ ደረሰ።

«እህም።»

ውስጥ የነበረው ወሬ ጸጥ አለ። መስኮት ተዘጋ። ማስኩ ድምፁን አፍኖ እርጥብ አድርጎት ነበር፤ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። አልሰሙኝ ይሆናል ብሎ ደገመው። የበሩ መቀርቀሪያ ተወረወረ።

ቀጣዩ ቤትም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ የእማማ ሬዲዮ ተራ ደረሰ። እሳቸው መስኮታቸውን በስሱ ከፈቱ።

«አንተ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ሳሉ።»

ሳል እንዳልሆነ፣ ያው የድሮው እንደሆነ፣ እሳቸውም ሲሰሙት እንደኖሩ አስረዳቸው።

«ድሮ ጉሮሮ ነበር» አሉ እማማ ሬዲዮ። «ዘንድሮ ሳል ነው።» መስኮቱን ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ቤት ሁሉ ወሬው ቀድሞት ይጠብቀዋል። ጆንያዎቹን በየደጃፉ አስቀምጦ ተመለሰ። አመሻሽ ላይ ዞር ብሎ ሲያይ አንዱም አልተነሣም፤ አንዱን ፍየል ቀድዶታል። ዝናብ ስላንዣበበ ሁሉንም ለቅሞ ወደ መጋዘን መለሰ። የላይኛው ሰፈር በዚያው ሰዓት ዱቄቱን አብስሎ እየበላ ነበር።

በማግስቱ የክሊኒኳ ነርስ ሰው እያየ በደኑ በር ላይ ሙቀቱን ለካችው። ደህና ነው። እማማ ሬዲዮ ግን መለኪያው የመጣው ዱቄቱን ከሰጡት ሰዎች መሆኑን አጣርተው ነበር። የእነሱ ዕቃ በእነሱ ሰው ላይ ምን ብሎ ይመሰክራል አሉ። ያም በየቤቱ ደረሰ።

በሩን ከሁሉ አጥብቆ የዘጋው አናጢው ነው። ምክንያት ነበረው። ትንሿ ልጁ አስም አለባት፤ በደህናው ጊዜ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል።

«አማቼ፣ ጠልቼህ አይደለም» አለ በበሩ ስንጥቅ። «ዱቄቱን ወስደህ ፀሐይ ላይ አስጣው። አንተም አብረህ ተሰጣ።»

የዱካ ተከታዩ ሚስት የዚያን ሰሞን ከሎጁ አሮጌ መጋረጃ ማስክ ትሰፋ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አፉ ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ አበባ አድርጎ ይሄዳል። የወንድሟን መልስ ሲነግራት ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«ወንድም ጋሼ ለልጁ ፈርቶ ነው። አንተ ግን ለምን እንደ ሰው ‹ቤቶች› አትልም?»

ብሎ እንደማያውቅ ነገራት። ውጣና ሞክር አለችው። ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመና «ቤቶች» አለ።

«ማን ሞተ?» አለች ከውስጥ።

ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ምን ሰርቀን ነው?»

ሦስተኛው ደህና ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን «እህም» ጨመረበት። ልጃቸው እስክትታነቅ ሳቀች። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ አፍህ እስኪለምደው መንገድ ላይም በለው፣ ጫካም ሂድና በለው አለችው። እሺ አለ። ለአጥሩ ቤቶች አለ፤ ለፒካፑ ቤቶች አለ። ለፍየሏ ቤቶች ሲል ያዩት ሰዎች ሕመሙ ወደ ራሱ ሳይወጣ አልቀረም አሉ። እንዲያም ሆኖ ድምፁ ቀና፤ ከሩቅ የሚሰማ፣ ደረቅ ያለ ቤቶች ወጣው። በሮቹ ግን አልተከፈቱም። እማማ ሬዲዮ ሳሉን መዋጥ ተማረ ብለው ነበር።

ወጥመዱን ያገኘው ረቡዕ ነው። በእንስሳት መንገድ ላይ ቀጭን ዛፍ ጎብጦ ታስሯል፤ ከጫፉ የሽቦ ቀለበት ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው አረንጓዴ ፕላስቲክ ለብሷል። የማን ነው ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። በዚያ ሽቦ ላይ የሎጁ አንሶላ ሲሰጣ ያላየ ሰው አልነበረም። የተጠመደው ለሚዳቋ ነው። ነገር ግን ቺምፓንዚዎቹም በዚያው መንገድ በእጃቸው እየተመረኮዙ ያልፋሉ። ሽቦ ሲይዛቸው ይጎትታሉ፤ ሲጎትቱ ይጠብቃል። መንጋው ውስጥ አንዲት አሮጊት በድሮ ወጥመድ ምክንያት ቀኝ እጇ ከአንጓው የለም። ሽቦውን ቆርጦ ኪሱ ከተተና ወደ ኃላፊዋ ወረደ።

ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጠው አገላብጣ አየችው።

«የታችኛው ሰፈር ነው?»

«የታችኛው ነው፣ አለቃ።»

«ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

ስም አልጠየቀችውም። ዓርብ ለድርጅቱ ሪፖርት እንደምትልክ ነገረችው። ደኑ ውስጥ ሽቦ እያለ የለም ብላ አትጽፍም። ከሌለ ግን የሚጻፍ የለም። ዱቄቱም እስከ ዓርብ ካልታደለ ያለ ወጥመድም ቢሆን ይወሰዳል፤ የሚጠብቁት ሌሎች ሰፈሮች አሉ።

«እስከ ዓርብ ነው ያለዎት፣ ጋሼ።»

በቀጥታ አናጢው ቤት ሄደ። በሩ አልተከፈተም። ሽቦ በዓለም ላይ ብዙ ነው አለ አናጢው ከውስጥ። ዱካ ተከታዩ፣ ዱቄቱ አለ፣ ዛሬውኑ ላምጣልህ፣ ሽቦዎቹን ግን ንቀልልኝ ብሎ ለመነው። ከውስጥ የትንሿ ልጅ ትንፋሽ ይሰማል፤ ያፏጫል።

«ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለ አናጢው። «ያንተን ሳል?»

ሐሙስ ማለዳ ዱካ ተከታዩ ፒንሳ ይዞ የቀሩትን ወጥመዶች ፍለጋ ወጣ። የሽቦው ጥቅል ትልቅ ነበርና አንድ ብቻ እንደማይሆን ያውቃል። ወንዙ ጋ ሁለት አገኘ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሰውየውን ራሱን አገኘው። አናጢው ጎንበስ ብሎ አንድ ቀለበት ያስተካክላል። ማስኩ አገጩ ላይ ነው፤ ቢጫው አበባ ተገልብጧል። ቀና ብሎ አማቹን ሲያይ ማስኩን ወደ አፉ ሳበ። ሁለቱም ተራርቀው ቆሙ።

አናጢው ክርክር አልጀመረም። እስካሁን ምንም አልያዘልኝም አለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል። ዱካ ተከታዩ መልስ ሳይሰጥ ከላይ በኩል ቅጠል ተንኮሻኮሸ። መንጋው ወደ ፍሬው ዛፍ እየወረደ ነበር። የመጣው በዚያው መንገድ ነው። ፊት ፊት የምትሄደው ልጇን ጀርባዋ ላይ ያዘለች እናት ናት።

አናጢው በአገጩ ወደ ወደቀው ግንድ አመለከተ። «ከግንዱ ሥር አንድ አለ» አለ በሹክሹክታ።

እናትየዋ ሁለት ሰው አንድ ላይ ስታይ ቆመች። አንዱን አታውቀውም። ዓይኗን ወደ ዱካ ተከታዩ መለሰችና ጠበቀች።

«እህም» አለ።

አስቦበት አይደለም። ስታየው ሁልጊዜ የሚላት እሱን ነው። እሷም የሚያስፈራ የለም መባሉን ሰማች፤ ፊቷን መለሰችና መንገዷን ቀጠለች። ኋላዋ ያሉትም ቀጠሉ። ግንዱ ጋ ለመድረስ ጥቂት ቀራት።

«ምን አደረግህ?» አለ አናጢው።

ያደረገው ገብቶታል። አሁን ቢሮጥ ወደ ሽቦው ይበልጥ ያጣድፋታል። ዝም ቢል እጇን ታስገባለች። በዚያ ደን ውስጥ ጮኾ አያውቅም፤ ሲጮህ የሚወጣው ቃል ምን እንደሆነም አያውቅም። አፉ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው የዚያ ሳምንቱ ነበር።

«ቤቶች!»

መንጋው ተበተነ። እናትየዋ ከግንዱ ተፈናጥራ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ልጇ አንገቷ ላይ ተጣብቋል። ጩኸቱ ደኑን ሞላው። ትልቁ ወንድ ጠጉሩን አቁሞ ቅርንጫፍ እየጎተተ ቁልቁል መጣ። ሁለቱ ሰዎች በግንባራቸው ተደፉ። ቅርንጫፉ በላያቸው አልፎ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ወንዱ መሬቱን ደበደበ፣ ዞረ፣ ደግሞ ደበደበ። ከዚያ ሌሎቹን ተከትሎ ሄደ።

ለረጅም ጊዜ አልተነሡም።

«ለዝንጀሮ ቤቶች ትላለህ?» አለ አናጢው ፊቱን ከቅጠሉ ሳያነሣ።

«ዝንጀሮ አይደሉም።»

አናጢው ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ እንባው ሳይቆም ሳቁ ቆመ። ትንሿ ልጅ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሻይ ብቻ እንደጠጣች ተናገረ። ዱካ ተከታዩ ጩኸቱ እየራቀ ሲሄድ ያዳምጥ ነበር። ከዚህ በፊት ከእሱ ሸሽተው ያንን ያህል ርቀው አያውቁም።

ከግንዱ ሥር ያለውን ቆረጡት። ሌሎቹን አናጢው እየመራ አንድ በአንድ ቆረጡ። ሲያጠምድ ተርቦ ነበርና ቦታውን በደንብ አላስታወሰም፤ አንዴ ከትልቁ ድንጋይ በታች ነው ይላል፣ አንዴ በላይ ነው ይላል። ዱካ ተከታዩ ደን ውስጥ ዕቃ የጠፋበት አናጢ አይቼ አላውቅም አለው። አናጢው ደግሞ፣ እኔ መዶሻዬን የማስቀምጥበት ቦታ ግድግዳ አለው አለ።

የመጨረሻው ባዶ አልነበረም። ሚዳቋ ይዟል፤ የኋላ እግሯን ነው። ሲያዩዋት ታግላ ታግላ ደክማ ተጋድማለች።

አናጢው አጠገቧ ተንበረከከና አንገቷን በለስላሳው ያዘ።

«ስንት ቤት እንደምታበላ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ማንም አያይም።»

«አዎ፣ አያይም» አለ ዱካ ተከታዩ። «እኔም አማችህ ነኝ፤ አልናገርም። ግን ነገ ዱቄቱን ይወስዱታል። ሚዳቋዋ ለዛሬ ናት፤ ዱቄቱ ለክረምቱ ነው።»

አናጢው እንደያዛት ቆየ። ከዚያ ክብደቱን ትከሻዋ ላይ ጣለና እግሯን አጥብቆ ያዘለት። «ቁረጥ» አለ። ፒንሳው ሽቦውን ሲበጥሰው ሚዳቋዋ መጀመሪያ ነፃ መሆኗን አላወቀችም። ከዚያ አወቀች። አናጢው እጁን እንደዘረጋ ከቁጥቋጦው ውስጥ እስክትጠፋ አያት።

ቁልቁል ሲወርዱ አናጢው ከኋላ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ጠራው።

«አማቼ። ከማለዳ ጀምሮ አብሬህ ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳልህም።»

«ስነግርህ የሰነበትኩት ይህንኑ ነው።»

«ሳለ የተባለ ሰው የሚናገረውን ማን ይሰማል» አለና አልፎት ሄደ።

ዓርብ ጠዋት አናጢው የእንጨት ጋሪውን እየገፋ መጋዘኑ ደጃፍ መጣ። የታችኛውን ሰፈር እኔ አደርሳለሁ አለ፤ አንተ ከኋላ ሆነህ ግፋ፣ አፍህን ብቻ ያዝልኝ። የመጀመሪያውን ጆንያ የራሱ ቤት አወረደ። ሚስቱ ምድጃውን ግቢ አውጥታ፣ ሰፈሩ እያየ ዱቄቱን አበሰለች። ትንሿ ልጅ ሁለቴ አስጨመረች። አናጢው እስክትጨርስ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ስትጨርስ ትንፋሿን አዳመጠ። ከዚያ ተነሣና ቀጣዩን ጆንያ እማማ ሬዲዮ ደጃፍ አራገፈ። ወጥተው ጆንያውን በጣታቸው ወጋ ወጋ አደረጉት።

«እንዴት ነው፣ ተሻለው?» አሉ ከጋሪው ኋላ ወደቆመው እያዩ።

«ቀኑን ሙሉ ደን ውስጥ አብሬው ውያለሁ» አለ አናጢው። «ጤነኛ ነው። ትንሽ ያብዳል እንጂ።»

እማማ ሬዲዮ ዱቄቱን ወደ ውስጥ አስገቡ። ጋሪው የሚቀጥለው ቤት ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ጠበቀው። የሚቀጥለውም። ከምሳ በፊት መጋዘኑ ባዶ ሆነ።

ኃላፊዋ ሪፖርቷን ላከች። ስለ ወጥመድ የተጻፈ አልነበረበትም፤ ደኑ ውስጥም አልነበረም። የታችኛው ሰፈር ድርሻ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ሳይቋረጥ መጣ። አናጢው ጋሪውን መግፋቱን ለሌላ አላስረከበም።

መንጋውን ዱካ ተከታዩ ለብዙ ሳምንት አላገኘም። መኝታቸውን ያገኛል፣ ልጣጩን ያገኛል፣ እነሱን አያገኝም። ኋላ ሲያገኛቸውም ከሩቅ ሰምተውት ይነሣሉ። አንድ ቀን ይህንን ለኃላፊዋ ነገራት።

«ይሸሹኛል፣ አለቃ።»

«ይሽሹ፣ ጋሼ» አለችው። «ዘንድሮ ከሰው የሸሸ ነው የሚተርፈው። ከእርስዎም ቢሆን።»

እናትየዋን ከልጇ ጋር አይቷት እንደሆነ ጠየቀችው። አዎ አላት። ከሸለቆው ማዶ፣ ዛፍ አናት ላይ፣ ልጁ ከጀርባዋ ወርዶ ለብቻው ቅርንጫፍ ይዞ ነበር። እጆቻቸው ደህና ናቸው።

ኃላፊዋ ጻፈችው። እሱ ማስኩን አጠበቀና ለነገው ጭነት ፒካፑን ሊያጥብ ወጣ።